ዘጠኝ ሳምንት በሞዴስቶ

ሞዴስቶ መሀል ከተማ ላይ በ1912 የቆመ ቅስት አለ። አራት ቃላት ተጽፈውበታል፦ ውሃ፣ ሀብት፣ እርካታ፣ ጤና። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ከተማዋ ከሳንፍራንሲስኮ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብላ፣ በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ የምትገኝ የእርሻ አገር ናት። አልሞንድና ወይን ይበቅልባታል፤ የጋሎ ወይን ጠጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ሳንፍራንሲስኮን አይቶ ሞዴስቶንም እንደዚያው የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል። ወግ አጥባቂ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሚበዛባት፣ ወንጌላውያኑ ድምፃቸው የሚሰማባት ከተማ።

ግን እነሱ ብቻ አይደሉም የሚኖሩባት። ከኢራንና ከኢራቅ የተሰደዱ አሦራውያን ክርስቲያኖች አሉ፤ አያቶቻቸው የ1915ቱን እልቂት አምልጠው የወጡ፣ ስለ እስልምና ሲነሳ ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎችም በመካከላቸው አይጠፉም። ከሕንድ ፑንጃብ የመጡ፣ የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው ሲኮች አሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሲኮች ጸሎት ቤት የተከፈተው በአቅራቢያዋ ባለችው በስቶክተን፣ ቅስቱ በቆመበት በዚያው በ1912 ነው። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ካቶሊኮች አሉ፤ አይሁድ አሉ፤ መስጊድ ያላቸው ሙስሊሞችም አሉ። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 189 ሺህ ገደማ ነበር።

በዚያው በ2000 የከተማዋ ትምህርት ወረዳ በአሜሪካ ያልተለመደ ነገር ጀመረ። 9ኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ ሁሉ ዘጠኝ ሳምንት የዓለም ሃይማኖቶችን እንዲማር ተወሰነ። የሚመረጥ ትምህርት አይደለም፤ ሳይወስዱ አይመረቁም። ወላጅ ልጄ ይቅርብኝ ካለ መብቱ ነው፣ ግን እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ።

ትምህርቱ በተጀመረ በዓመቱ መስከረም 2001 ደረሰ። ለእኛ ዕለቱ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር፤ አበባዮሽ ሲባል ውሎ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሕንፃዎቹ ሲወድቁ አየን። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ሰሞን የሆነውን የፌዴራል ምርመራ ቢሮው መዝገብ ይናገራል፤ በ2000 በሙስሊሞች ላይ የተመዘገበው የጥላቻ ወንጀል 28 ነበር፣ በ2001 ግን 481። በአራተኛው ቀን ሜሳ፣ አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባል የነዳጅ ማደያ ባለቤት ደጁ ላይ በጥይት ተገደለ። ሙስሊም አልነበረም፤ ሲክ ነበር። ገዳዩ ያየው ጥምጥሙንና ጢሙን ነው።

ይህን ሞት ያነሳሁት በአጋጣሚ አይደለም። የሞዴስቶን ትምህርት ያዘጋጁት ሰዎች ከሚያስተምሯቸው ሰባት ሃይማኖቶች መካከል የሲኮችን እምነት አስገብተው ነበር። ሂንዱይዝም፣ ቡድሂዝም፣ የኮንፊሽየስ ትምህርት፣ ይሁዲነት፣ ክርስትናና እስልምና የቀሩት ናቸው። ሲኮችን ያስገቧቸው ጎረቤቶቻቸው ስለሆኑ ነው። ጎረቤትህ ማን እንደሆነ ካላወቅህ ግን ማንን እንደምትጠላም አታውቅም፤ ሜሳ ላይ የታየው እሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሞዴስቶ ምን እንዳደረገች፣ ምን እንደተሳካላት፣ የቱን ጥያቄ ሸሽታ እንዳለፈች የሚያይ ነው። ሙስሊምን በጅምላ የመፍራትና የመጥላት ነገር በትምህርት ቤት ሊቀንስ ይችላል ወይ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ምኞት ነው። ሞዴስቶ ላይ ግን የተለካ ነገር አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሃይማኖት ሳይሆን ከጠብ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የትምህርት ቦርዱ ተማሪዎችን ከጥቃት የሚጠብቅ መመሪያ አወጣ፤ ከሚጠበቁት መካከል በጾታዊ ዝንባሌያቸው የሚሰደቡና የሚደበደቡ ተማሪዎችም ነበሩበት። አጥባቂዎቹ ምእመናን ተነሱ፣ ልጆቻችንን ልታስለውጡን ነው አሉ። ሌላው ወገን ደግሞ እናንተ የምትሉት ልጅ ያስደበድባል አለ። ስብሰባው ጩኸት ሆነ። ያን ጊዜ ቦርዱ የሃይማኖት ነፃነትን ጉዳይ በማስታረቅ የሚታወቀውን ቻርልስ ሄይንስን ጠራ። ሄይንስ ይዞት የመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በእምነት አትስማሙ፣ ማንም አያስገድዳችሁም፤ ግን የማትስማሙበትን ሰው መብት ለመጠበቅ መስማማት ትችላላችሁ። ከመቶ በላይ ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀምጦ አንድ ሰነድ ላይ ደረሰ። መብት፣ ኃላፊነት፣ አክብሮት የሚሉት ሦስቱ ቃላት የዚያ ሰነድ መንፈስ ናቸው።

የዓለም ሃይማኖቶች ትምህርት የተወለደው ከዚህ እርቅ ነው። በእኔ ግምት የጉዳዩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ወደ ክፍሉ ቶሎ ለመግባት ስለሚቸኩል ያልፈዋል። ትምህርቱ ሲጻፍ መምህራኑ ብቻቸውን አልጻፉትም። ረቂቁ የከተማዋ የሃይማኖት መሪዎች ፊት ቀረበ፤ ፓስተሩም፣ የአይሁዱ ራቢም፣ የመስጊዱ ሰውም፣ የሲኮቹ ተወካይም የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ክፍል አየ። ስለዚህ ትምህርቱ ሲጀመር ስለ እስልምና የሚባለውን ፓስተሩ አስቀድሞ አንብቦታል። እሑድ ከምእመናኑ አንዱ መጥቶ “ልጄን ሊያሰልሙብኝ ነው” ቢለው የሚመልስለት አለው።

ሕጉስ? አሜሪካ ውስጥ መንግሥታዊ ትምህርት ቤት ሃይማኖት አያነሳም የሚል እምነት ሥር የሰደደ ነው። ስህተት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 በአቢንግተን እና በሼምፕ ክርክር የከለከለው ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያካሂደውን መጽሐፍ ቅዱስ የማንበብ የአምልኮ ሥርዓት ነው። በዚያው ፍርድ ግን ሃይማኖትን እንደ ዕውቀት፣ በገለልተኝነት ማስተማር አልተከለከለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ፒው የጥናት ማዕከል በ2010 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። መምህር ተማሪዎችን ጸሎት መምራት እንደማይችል 89 በመቶው ያውቃል፤ ሃይማኖቶችን የሚያነጻጽር ትምህርት መስጠት እንደሚቻል የሚያውቀው ግን 36 በመቶው ብቻ። ክልከላውን ሁሉም ያውቃል፣ ፈቃዱን የሚያውቀው ጥቂት ነው። መምህርም ሰው ነውና በማያውቀው ፈቃድ አይደፍርም፤ ዝም ይላል። ልጁ ስለ እስልምና የሚሰማው ከዜና ብቻ ይሆናል፤ ዜና ላይ የሚወጣው ደግሞ ፈንጂ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለ የትኛውም ሃይማኖት አይወራም። የሚወራው ስለ ነፃነት ነው፦ ሕገ መንግሥቱ ስለ ሃይማኖት ምን ይላል፣ ለምን ተጻፈ፣ እምነታቸው ያላማረ ሰዎች ምን ደረሰባቸው። ከዚያ ነው ሃይማኖቶቹ በተራ የሚመጡት። ዘጠኝ ሳምንት በአምስት ቀን ሲባዛ 45 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለመብት አሥር ይቀነሳል፤ የቀረው 35 ለሰባት ሲካፈል አምስት። ሒሳቡ የእኔ ነው፣ ግን መጠኑን ያሳያል፤ ለእስልምና የሚደርሰው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ሶላት፣ ጾም፣ ዘካ፣ ሐጅ፣ ሱኒና ሺዓ፣ 1400 ዓመት ታሪክ፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ፤ በአምስት ክፍለ ጊዜ።

መምህሩ ትምህርቱ በሚሰጥበት ጊዜ የራሱን እምነት አይናገርም። ይህ ደንብ ነው። ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉ የባለቤቱ ስም አለበት፦ ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ፣ ሙስሊሞች እንዲህ ያምናሉ። “እውነቱ እንዲህ ነው” የሚል ዓረፍተ ነገር የለም፣ “ተሳስተዋል” የሚልም የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። በእንግሊዝኛ ይህ ደንብ ቀላል ነው። በአማርኛ አንድ መምህር ቢሞክረው ገና በመጀመሪያው ግስ ላይ ይሰናከላል። ሙስሊሙ “ነቢዩ ሙሐመድ እንዲህ አሉ” ይላል፤ ክርስቲያኑ ቤት የተለመደው “መሐመድ እንዲህ አለ” ነው። አንዷ ፊደል፣ “አለ” እና “አሉ”፣ መምህሩ የማን ልጅ እንደሆነ ትናገርበታለች። “ኢየሱስ አለ” ስንል ደግሞ መናቃችን አይደለም፤ ለጌታ አንቱ አይባልም፣ ቅርባችን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም “አለ” ብል እኩል አደረግሁ የሚል መምህር እኩል አላደረገም። ያለፉት ሰዎች “እስላም” ይሉት የነበረውን “ሙስሊም” ማለትም እንደዚሁ ነው፤ አያቴ ቃሉን ያለ ክፋት ትለው ነበር፣ የሚሰማው ጎረቤት ግን ከ1966 ዓ.ም. በፊት በመንግሥት አነጋገር “በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች” መባሉን አይረሳም። ኢትዮጵያዊ ሳይሆን ተከራይ የሚያስመስል ቃል ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ የወጣው ትልቅ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የእኩልነት ጉዳይ ነው።

ወደ ካሊፎርኒያ ልመለስ።

ሞዴስቶ ያላደረገችው ነገር ካደረገችው እኩል ያስተምራል፤ ይህ የሚታየው ጎረቤቷን ሲያዩ ነው። ከሞዴስቶ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል የምትርቅ ባይረን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2001 መኸር እዚያ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች እስልምናን “እየኖሩ” እንዲማሩ ተደረገ። የሙስሊም ስም የተጻፈበት መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከቁርኣንና ከሶላት የተወሰዱ ቃላት ደገሙ። ረመዳንን እንዲረዱት የሚወዱትን አንድ ነገር ተዉ፤ አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዱ ከረሜላ። “ሩጫ ወደ መካ” የሚል የጠረጴዛ ጨዋታም ነበር። የአስተማሪዋን ሐሳብ እረዳዋለሁ፤ ልጅ በጨዋታ ይማራል፣ ክፋት አልነበረባትም። ግን ዘመኑን አስቡት፣ የኒውዮርክ ፍርስራሽ ገና ይጨሳል። ወላጆች ከሰሱ። ትምህርት ቤቱ በ2003 በፌዴራል ፍርድ ቤት ረታ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2005 አጸናለት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ጉዳዩን አላይም አለ።

ስለዚህ ሕጉ ከትምህርት ቤቱ ጋር ቆመ። ግን ዓመታት የፈጀ ክስ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ ሬዲዮ ላይ የባይረን ስም የተነሳው “ልጆቻችንን በግድ እያሰለሙ ነው” በሚለው ወሬ ነው። እስልምናን ለማቀራረብ የተጀመረ ትምህርት እስልምናን ማስፈራሪያ ሆነ። ሙስሊም ተማሪ ካለስ? የአባቱ ሶላት የሌላ ልጅ ማርክ ማግኛ ጨዋታ ሲሆን እያየ ይቀመጣል። እኔ ጾመኛ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ የሑዳዴን ጾም ከረሜላ በመተው ሊያስረዳ የሚነሳ ሰው ቢመጣ ከመሳቅ በቀር የምለው የለኝም።

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ላይ ተደገመ። ታኅሣሥ 2015 በኦገስታ ካውንቲ አንድ መምህር የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት ጥበብን ለማሳየት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አስመስለው እንዲስሉ አዘዘች። ጽሑፉ ሸሃዳው ራሱ ነበር፤ “ከአላህ በቀር አምላክ የለም” የሚለው የእስልምና ምስክርነት ቃል። ቁጣው ከአገር አገር ሆነ፤ ስልኩና ኢሜይሉ ስለበዛ ወረዳው በወሩ 18ኛ ቀን ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘጋ። አንድ ሙሉ ካውንቲ በአንድ ገጽ የቤት ሥራ።

በሁለቱ ቦታዎች የጎደለው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ደግ መምህር አልጎደለም፣ ሕግም አልጎደለም። ወላጁ ወረቀቱን ያየው ከልጁ ቦርሳ ውስጥ፣ ማታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሞዴስቶ ላይ ወረቀቱ ከልጁ በፊት ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ደርሶ ነበር። ሌላው ልዩነት ደግሞ ሞዴስቶ እስልምናን ብቻውን አላወጣችም። ብቻውን የወጣ ነገር ወይ ይሰበካል ወይ ይከሰሳል። በተራው የመጣ ግን ተራው ነው፤ ትናንት ስለ አይሁድ ፋሲካ የተማረ ልጅ ዛሬ ስለ ረመዳን ሲማር አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ውጤቱስ? በ2004 እና 2005 የትምህርት ዘመን ኤሚል ሌስተርና ፓትሪክ ሮበርትስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ ሞዴስቶ መጡ። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዳለቀ፣ ከዚያም ከወራት በኋላ መጠይቅ ሰጡ። መምህራንን፣ የቦርድ አባላትንና የሃይማኖት መሪዎችንም አነጋገሩ። ሪፖርታቸውን በ2006 አወጡ።

ዕውቀት ጨመረ። ይህ አይገርምም፤ ስለ ሃይማኖቶች መሠረታዊ ጥያቄዎች ከግማሽ በታች ይመልሱ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ ወደ ሁለት ሦስተኛው ደረሱ። የሚገርመው ሌላው ነው። የሌላ እምነት ተከታዮች መብት ይጠበቅ የሚለው አቋማቸው ጠነከረ፤ ያውም በሐሳብ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ በእምነቱ ሲሰደብ ቢያዩ ከጎኑ ቆመው ለመከላከል ፈቃደኛ ነን የሚሉት በዙ። ሃይማኖቶች በሥነ ምግባር የሚጋሩት ነገር አለ የሚሉትም በዙ። ወላጆች የፈሩት ግን አልሆነም፤ ልጆቹ የራሳቸውን እምነት አልተዉም፣ አልቀዘቀዙም። ጥምቀት የለወጠ፣ ሸሃዳ የያዘ የሚባል ማዕበል አልመጣም። ከተማዋም አልተከፋፈለችም።

ለውጡ መጠነኛ ነው፣ አጋንኜ አልናገርም። መጠይቅም መጠይቅ ነው፤ “እከላከላለሁ” ብሎ ክብ ማጥቆርና ምሳ ሰዓት ሜዳው ላይ መሀል መግባት ይለያያሉ። ዘጠኝ ሳምንትም ዘጠኝ ሳምንት ነው። በካሊፎርኒያ የአሜሪካና የእስልምና ግንኙነት ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ጥናት ከጠየቃቸው ሙስሊም ተማሪዎች 55 በመቶው በእምነታቸው ምክንያት ትንኮሳ ደርሶብናል ብለዋል። ያ መላው ክፍለ ግዛት ነው፣ ሞዴስቶ ብቻ አይደለም፤ ግን አንዲት ከተማ የሠራችው ለክፍለ ግዛቱ አልተረፈም። በጥናቱ ጊዜ ይህን ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ያደረገ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ወረዳ በአገሪቱ አልነበረም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ያዩት ቅሬታ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ትምህርቱ ሁሉም የተስማማበት ስለሆነ ሁሉም የሚወደውን ብቻ ይዟል። በሃይማኖት ስም የተደረገ ጦርነት፣ የሴቶች ጉዳይ፣ የመስቀል ጦርነት፣ ቢን ላደን በምን ቃል ተናገረ የሚለው፣ እነዚህ ወደ ዳር ይላሉ። ፓስተሩና የመስጊዱ ሰው አብረው የፈረሙበት ወረቀት ላይ የፓስተሩም የመስጊዱም ቁስል አይጻፍም። ልጁ ግን ሞኝ አይደለም። ዘጠኝ ሳምንት ሁሉም ሃይማኖት መልካም ነው ተብሎ ማታ ዜና ያያል። “ታዲያ እነዚያ ሰዎች ሙስሊም ነን አላሉም?” የሚለው ጥያቄ ያለ መምህር ይቀራል፤ ያለ መምህር የቀረ ጥያቄ ደግሞ መልስ የሚያገኘው ጥሩ ቦታ አይደለም።

በዚህ ላይ ከተመራማሪዎቹ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም አዘጋጆቹን መውቀስ ይከብደኛል። ከጠብ የተነሳ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቁስል የሚነካካ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ዓመት አይኖረውም ነበር። መተማመኑ ከተገነባ በኋላ፣ በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ዓመት፣ ያንኑ ኮሚቴ ሰብስቦ “አሁን ደግሞ የሚያመውን እንጻፍ” ማለት ይቻል ነበር ባይ ነኝ።

ለእኛስ? የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። ነፃ ይሁን ማለት ዝም ይባል ማለት አይመስለኝም፤ እኛ ግን እንደ ዝምታ ነው የኖርንበት። ጎረቤታሞች ነን፣ ቡና እንጠራራለን፣ ሠርግ ላይ የሙስሊሙ እንግዳ ሥጋ በሙስሊም እጅ ተባርኮ ለብቻ ይሠራል፣ ድስቱ እንኳ አይደባለቅም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ቅር አይለውም። ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው። ግን ጓደኛዬ ለምን በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግድ ማንም መምህር ነግሮኝ አያውቅም፤ እሱም እኛ ጸበል ለምን እንደምንሄድ የነገረው የለም። ሙስሊሞች በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው በንጉሥ ነጃሺ ጥላ ሥር መጠለላቸውንም በበዓል ንግግር ሰማሁት እንጂ ደብተሬ ላይ ጽፌው አላስታውስም።

ልዩነታችን ሌላም አለ። ሞዴስቶ የሚያመውን ጥያቄ ወደ ዳር አደረገች፤ ለእኛ ግን የሚያመው ጥያቄ ራሱ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ፣ በሃይማኖት ክፍል ሳይሆን በታሪክ ክፍል ይመጣል። ሽምብራ ኩሬ፣ 1529። እንዴት እንደተማርነው እነግራችኋለሁ። መምህራችን ጥሩ መምህር ነበሩ፣ ክፋት የለባቸውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ “ግራኝ” ብለው ጻፉ። አብያተ ክርስቲያናቱ እንዴት እንደተቃጠሉ፣ ንጉሡ ልብነ ድንግል ከተራራ ተራራ እንዴት እንደተሰደደ ነገሩን። እሱ ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ አልተዋሸም። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ያህል ነበርን። አንዱ ዞር አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁላችንም፤ ከኋላ ወንበር ወደተቀመጠው ልጅ። ስሙ አሕመድ እንኳ አልነበረም።

እሱ ጽሑፉን አላቆመም። በኋላ ደብተሩን ተውሼ ስገለብጥ አየሁት፤ መምህራችን “ግራኝ” ባሉበት ቦታ ሁሉ “ኢማም አሕመድ” ብሎ ጽፏል፤ መምህራችን “ወረረ” ባሉበት ቦታ “ዘመቱ” ብሏል። ሌላው ቃል በቃል የእኛው ነው። አንድም ቀን አላነሳብንም፣ እኛም አላነሳንም። ለፈተናው ግን “ግራኝ” ብሎ መለሰ፤ ማርኩ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ያን ቀን መምህሩ ጠመኔያቸውን አራግፈው ሰሌዳውን አጠፉ። ቀጣዩ ርዕስ ዐፄ ገላውዴዎስ ነበር።